በገባበት የሚወጣ ውሃ

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከእህቴ ምድጃ በኩል፣ ወፍራምና ረጅም ግሳት መጣ። በሬ ነው እንዳልል በሬ ይህን ያህል ትንፋሽ የለውም። የመኪና ጡሩምባ ነው እንዳልል፣ እኔ ሮቢት አስፋልት ዳር ያደግሁ ነኝ፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሳላየው በጡሩምባው እለየዋለሁ። ይህኛውን አላውቀውም። ጆሮ ላይ አይቆይም፤ ወርዶ ደረት ውስጥ ይቀመጣል።

መጋረጃውን ገልጬ ስገባ እህቴ ቆንጅት ሊጥ በነካው እጇ አፏን ሸፍና ቆማለች። ደጀን የሚሉት የፓምፕ ጠጋኝ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ያሳያታል። በስልኩ ውስጥ ነጭ መርከብ በቤቶች መሃል ያልፋል። መርከብ ማለት ያንስበታል፤ የሮቢትን ቤት ሁሉ አንዱን ባንዱ ላይ ብትቆልለው አይደርስበትም። ጣሪያዎቹም የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትም ከወገቡ በታች ቀርተዋል። ከላይ፣ ከመርከቡ ጫፍ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ሰዎች ከተማውን ቁልቁል ያያሉ። መርከቡ እንደገና ጮኸ።

«ቬኒስ ይባላል» አለኝ ደጀን ሳልጠይቀው። «መንገዱ ሁሉ ቦይ ነው። እኔ እዚህ ጋ ነበር የምሠራው።» በጣቱ የስልኩን ጥግ ነካ። የነካው ቦታ ላይ ግድግዳ እንጂ ሰው አይታይም።

እኔ መርከቡን ትቼ የእህቴን ፊት ነበር የማየው። ያን ፊት አውቀዋለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው እዚሁ ሻይ ቤታችን ቁጭ ብሎ ለታላቅ ወንድማችን ለካሳው በስልክ የጂዳን ፎቆች አሳየው። ቆንጅት ያኔም ሊጥ በነካው እጇ አፏን ሸፍና አይታለች። ካሳው በአፋር በረሃ አድርጎ የጅቡቲ ወደብ ኦቦክ ደረሰ። ከኦቦክ አንድ ጊዜ ደውሎ «ጀልባው ተገኝቷል» አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሞቷል ብሎ የነገረን ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ አለ ያለንም የለም። ደላላው ግን ባመቱ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ታየ አሉ። በስልክ ውሃ የሚያሳይ ሰው ሲመጣ ልቤ ለምን እንደሚሸሽ የሚጠይቀኝ ካለ መልሱ ይኸው ነው።

እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ ያሳደገችኝ ቆንጅት ናት። እሷ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ እኔን እስከ አስራ ሁለተኛ አስተማረችኝ። ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ስውል አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ደብተሮቼን ግን ፓስቲ መጠቅለያ አደረገቻቸው። ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ጀምራ አንድ አንድ ቅጠል እየቀደደች ወደ ታች ትወርዳለች። ሾፌሮቹ ቀልድ አርገውታል። የሚኒባስ ሾፌሩ ጀሚል ፓስቲውን በልቶ ሲጨርስ ዘይት የጠጣውን ወረቀት ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል። «ዛሬ ባዮሎጂ ደረሰኝ። ትናንት ሒሳብ ሰጥታችሁኝ ሆዴን ሲነፋኝ አደረ» ይለኛል። እኔ ጥግ ይዤ መንገዱን አያለሁ። ከሚያልፍ አውቶብስ መስኮት አንድ ሰው እመርጥና እስከሚወርድበት ከተማ አብሬው እሄዳለሁ፤ ለራት እመለሳለሁ።

ደጀን የጎብዬ ልጅ ነኝ ይላል። እናቱን የሚያስታውሱ አሉ። እሱን የሚያስታውስ ግን የለም፤ በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ወጥቶ አስራ አራት ዓመት ቆይቷል። በቬኒስ ሥራው ከመርከቦቹ የሚወርደውን ሻንጣ መሸከም እንደነበር ነገረን። ለምን ተመለስክ ሲሉት የሚሰጠው መልስ ነበር ይበልጥ ያጠራጠረኝ። ትልልቆቹ መርከቦች በአሮጌው ከተማ መሃል እንዳያልፉ ተከለከሉ፣ ወደ ሌላ ወደብ ሄዱ፣ የእኔም ሥራ አብሮ ቀረ አለ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሮቢት የምትኖረው በሚያልፍ መኪና ነው። አንድ አውቶብስ ሃያ ደቂቃ ቢቆም ስንት ቤት ራቱን ያገኛል። እንግዳ ጭኖ የመጣን ነገር አትምጣብኝ የሚል ከተማ የት አገር ነው ያለው?

ደጀን ሳይከፋው አስረዳ። እንግዶቹ የሚያድሩትም የሚበሉትም መርከቡ ላይ ነው፤ ወርደው ፎቶ ይነሱና ይመለሳሉ፤ መንገዱን ግን ይሞሉታል። ያገሬው ሰው ዕቃውን በጀልባ እየጫነ ከተማውን ለቅቆ ሊያልቅ ነው አለ። ይህን ጊዜ ቆንጅት ከምድጃው ሳትዞር፣ «ገባኝ» አለች። «ዳቦውን ከቤቱ ይዞ መጥቶ ለሽንት ብቻ የሚገባብን ዓይነት ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደጀንም ሳቀ። ለእሷ ብቻ የሳቀ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እከታተለው ጀመር። ዛሬ ኮምፒውተር የማይሠራው ምስል የለም፤ ቪዲዮውን ብቻዬን ልየው ብዬ ጠየቅሁትና ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ አየሁት። ውሃው ዳር አንድ ሽማግሌ ቆሞ ጋዜጣ ያነባል፤ ያ ሁሉ ተራራ በጀርባው ሲያልፍ ቀና እንኳ አይልም። ይህ ሐሰት ካልሆነ ምን ሐሰት አለ? ደጀንን ስጠይቀው ትከሻውን ነቅንቆ «ለምዶታል» አለኝ። በዚያው ሰዓት ባለ ተጎታች መኪና በበራችን አለፈ፣ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ፤ ከተቀመጡት አንድም ቀና ያለ አልነበረም። ይህን አይቻለሁ። አይቼም ጥርጣሬዬን አልተውኩትም።

ደግሞ ስልክ አለ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እየሄደ በማይገባኝ ቋንቋ ረጅም ሰዓት ያወራል፤ ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ደግሞ ሁለት ሥራ ፈት ወንድማማች ጎረምሶች አሉ። እነሱም ከደጀን ጋር ማዶ ዛፍ ሥር ሲንሾካሾኩ አየኋቸው፤ በሳምንቱ ከሮቢት ጠፉ። እናታቸውን የት ሄዱ ብላቸው «ሥራ» ብለው ዝም አሉ። የካሳውም ጊዜ እኛ ለጠያቂ የምንመልሰው ይህንኑ ነበር።

ለቆንጅት ነገርኳት። ስለ ስልኩም፣ ስለ ጎረምሶቹም፣ ስለ ጋዜጣው ሽማግሌም። ሊጧን እያሸች ሰማችኝ። «ዘኩዬ፣ አንተ እኮ ሰው ትፈራለህ» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው።» ሊጧን ከደነች። እኔ ግን ያን ማታ እንጀራዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ደጀን ደላላ ቢሆን እንደ ካሳው ይወስዳታል። ደላላ ባይሆንም ይወስዳታል። ሁለተኛውን ያኔ ለራሴም አልነገርኩትም።

ሰኔ ላይ ደጀን ሽማግሌ ላከ።

የእናታችን ወንድም አያ እንዳለው የውሃ አባት ነው። ክረምት ሲገባ ከጎሊና ወንዝ የሚጠለፈውን ጎርፍ ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ደጋው ላይ መቼ እንደሚዘንብ ስለማይታወቅ ከሰኔ ጀምሮ ጠለፋውን ትቶ የትም አይሄድም፤ ለሠርግም ለጠብም የሚፈልገው ሰው እዚያው አንድ ግራር ሥር ይመጣል። አንድ ልማድ አለው። አዲስ ተራ የሚጠይቅ ገበሬ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ ውሃው ወደ ማሳህ በየት ይገባል? በየትስ ይወጣል? መግቢያውን ሁሉም ያውቀዋል። መውጫውን በቅጡ መመለስ ያልቻለ ግን ተራ አያገኝም፤ የጎረቤቱን ማሽላ ያጠፋልና። ልጅ ሊጠይቅ የመጣውንም ያንኑ ይጠይቀዋል ሲባል እኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ደጀን ወገን ስለሌለው የላካቸው ጀሚልንና የእናቱን አንድ አረጋዊ ጎረቤት ነው። ጀሚል የሽማግሌነቱን ጋቢ ደርቦ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። እንደ ደንቡ ጠያቂው ራሱ አይመጣም፤ አያ እንዳለው ግን «ወገን የሌለው ሰው አፉ ራሱ ነው፤ ይምጣ» ብሎ አስጠራው። ቆንጅት ምሳ ይዛ መጥታ ነበር። ከግራሩ ጀርባ ተቀምጣ፣ ምንም እንዳልሰማች፣ የታጠበ ሰሃን መልሳ ታጥባለች።

አያ እንዳለው የደጀንን ዘር ጠየቀ፣ ሥራውን ጠየቀ። ከዚያ ስልኩን ተቀብሎ ያን መርከብ አየ። ብዙ ጊዜ አየው። እኔ አሁን ይስቃል ብዬ ስጠብቅ እሱ የጠየቀው ሌላ ነው፤ ይህን የሚያህል ነገር በቦይ ውስጥ ሲያልፍ ጠርዙ አይናድም ወይ አለው።

ደጀን ቁጢጥ ብሎ በእንጨት አሸዋው ላይ ሣለለት። መርከቡ ጠርዙን አይነካውም፤ ጠርዙን የሚነካው መርከቡ የሚገፋው ውሃ ነው። ሲሄድ ይገፋል፣ ካለፈ በኋላ ይስባል። ከላይ ግድግዳው ደህና ይመስላል፤ ከሥር ግን እግሩ ትንሽ ትንሽ ይበላል። ሰው ስንጥቁን ሲያየው ጊዜው አልፏል አለ።

አያ እንዳለው በዱላው ጫፍ የሥዕሉን ጠርዝ ተከተለ። አምና የላይኛውን ቦይ ያጣነው እንዲሁ ነበር፤ ከላይ ሣር እንደለበሰ ከሥሩ ተበልቶ ሄደ። «ይህን ሰው ውሃ አስተምሮታል» አለ በመጨረሻ። ጀሚል «አብሽር» የሚል በሚመስል ዓይን ወደ ደጀን ጠቀሰ። ከግራሩ ጀርባ የሰሃኑ ድምፅ ቆመ።

ይህን ጊዜ ነው አያ እንዳለው ልማዱን ያነሳው።

«እንግዲያ የዚያ ከተማ ውሃ በየት ይገባል?»

«ከባሕሩ በኩል። ሦስት አፍ አለው።»

«መውጫውስ?»

«በዚያው በገባበት ነው የሚወጣው።»

ከአያ እንዳለው ጎን የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። አያ እንዳለው ምናልባት አልሰማኝም ብሎ ጥያቄውን ደገመ፤ ደጀንም መልሱን ደገመ። ዝናብ ኖረም አልኖረ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ይሄዳል፤ ሰዓትም አለው አለ።

«እንደ አውቶብስ?» አለ ሽማግሌው። ሳቁ።

አያ እንዳለው አልሳቀም። «የሚመልሰው ማነው?»

ደጀን ትንሽ አመነታ። «ጨረቃ ናት ይላሉ።»

ያ «ይላሉ» ነው የጎዳው። አያ እንዳለው ወደ ወንዙ ዞረ። «አርባ ክረምት ጎሊናን ጠበቅሁ» አለ። «ውሃ የረሳው ነገር ኖሮ ሲመለስ አላየሁም።» ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ አመጣ። «ዘካሪያስ፣ አንተ አስራ ሁለት ጨርሰሃል። እንዲህ ያለ ነገር በትምህርት አለ?»

አለ። ዘጠነኛ ክፍል፣ ጂኦግራፊ። እንዲያውም ከክፍሉ ልጆች ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ መምህሩ ሰልችቶት «ስለ ባሕር ብቻ ልትማር ነው እንዴ የመጣኸው?» እስኪለኝ ድረስ ጠይቄዋለሁ። ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነበር። ደጀንም ያየኛል። ሲለምንም ሲቆጣም አይደለም፤ ሻንጣ ላይ የተጻፈ ስም የሚያነብ ይመስል ነበር። ጎረምሶቹን አሰብኩ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን ስልክ አሰብኩ። ካሳውን አሰብኩ። ባዶውን ሻይ ቤትም አሰብኩ።

«አልተማርነውም» አልኩ።

አያ እንዳለው ነገሩን አላበዛውም። መውጫውን ያልተናገረ ሰው ከእኔ ተራ አያገኝም፤ የእህቴን ልጅ ደግሞ ከተራ አላሳንሳትም አለ። ጀሚል ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ደጀን ክርኑን ያዝ አድርጎ አስቆመው። አሸዋው ላይ የሣለውን በእግሩ አላጠፋውም። ተነስቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ሄደ። በሳምንቱ ዕቃውን ይዞ ከቆቦ ወዲያ ዋጃ ገባ፤ እዚያ ፓምፕ የሚያስጠግን አያጣም አሉ።

ቆንጅት አላለቀሰችም፣ እኔንም ምንም አልጠየቀችኝም። ሥራዋን ሠራች። ሐምሌን በሙሉ ሲዘንብ ጎሊና በተራው መጣ፣ ማሳው ጠጣ፣ አያ እንዳለው ደስ አለው። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ጀሚልም ከዚያ ወዲህ አይቀልድብኝም ነበር። አንድ ቀን ሻዩን እያማሰለ፣ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ፣ እነዚያን ሁለት ጎረምሶች እሱ ራሱ ወልድያ እንዳደረሳቸው ነገረኝ። ደጀን ጽፎላቸው ሞተር ጥገና ቤት ገብተዋል፤ ወላሂ ትናንት አይቻቸዋለሁ፣ እስከ ክርናቸው ግራሶ ናቸው አለ። እናታቸው ዝም ያሉት ሥራው ሳይያዝ ሰው እንዳይመቀኛቸው ፈርተው ነው።

«ስልኩስ?» አልኩት። «ማንን ነው እንደዚያ ተደብቆ የሚያወራው?»

«የስልኩን እኔ ምን አውቄ» አለኝ ጀሚል። «አንተ የምትጠረጥረው ማንም እንዳይሰማህ የምታወራው ሰው ስለሌለህ ነው።»

እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ በየማለዳው እነሳለሁ። ሊጥ ስታሸ ልንገራት እላለሁ፤ ከዚያ ደንበኛ ይገባል። የስልኩ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱ ገና አልተፈታም እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ነሐሴ ገባ።

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ጀሚል ወደ ዋጃ የሚሄድ ተሳፋሪ ሞልቶ መኪናውን በራችን ላይ አቆመና አራት ፓስቲ ጠቅልይልኝ አላት። ዘይቱ ፈልቷል። ቆንጅት ፓስቲዎቹን አወጣች፣ እጇን ወደ ደብተሩ ሰደደች፣ ቅጠሉን ቀደደች። ልትጠቀልል ዘርግታ ቆመች።

ካለሁበት ሆኜ ወረቀቱን አወቅሁት። መሃሉ ላይ ክብ ምድርና ክብ ጨረቃ ተሥለውበታል፤ ጎኑ ላይ የመምህሩ ቀይ ምልክት አለ። ከላይ ያለው እንግሊዝኛ ነው፤ ጠርዙ ላይ ግን በአማርኛ፣ በራሴ እጅ፣ እንዲህ ተጽፏል፤ «የባሕር ውሃ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። የምትስበው ጨረቃ ናት።» ከሥሩ ትንሽ ጀልባ ሥያለሁ። ከጀልባዋም ሥር፦ «ካሳው የተሳፈረ ቀን ሞልቶ ነበር ወይስ ጎድሎ?»

ቆንጅት ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሌላ ቅጠል ቀደደች፣ ፓስቲውን ጠቀለለች፣ ለጀሚል ሰጠችው።

ያን ወረቀት ይዛ ወደ እኔ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ በመዳፏ አስተካከለችው፣ ነፋስ እንዳይወስደው የሻይ ብርጭቆዬን አነሳችና ላዩ ላይ አስቀመጠችው። ሽርጧን ፈታ ምስማሩ ላይ ሰቀለች። ወደ ውስጥ ገባች። ስትወጣ ነጠላዋን ለብሳ ትንሽ ቦርሳ ይዛለች።

«እታለም» አልኳት።

በአጠገቤ አለፈች። ጀሚል አያት፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ የፊተኛውን በር ከፈተላት። ገብታ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ወደ ጉልበቷ ሰበሰበች፣ በሩን ራሷ ዘጋችው። ዘይቱ ምድጃው ላይ አሁንም ይንጫጫል። መኪናው ወደ ቆቦ አቅጣጫ ተነሳ፤ እሷም ወደ ኋላ አልዞረችም።